የሞቀ ቤት፦ ስለ ዕረፍትና ስለ እንግድነት

በአማርኛ «ዐረፈ» የሚለው ግሥ ብዙ ይሸከማል። ከእርሻው የተመለሰ ገበሬ ያርፋል፤ ከሰማይ የወረደ አሞራ ዛፍ ላይ ያርፋል፤ ነፍሱ ከሥጋው የተለየችውም ሰው «ዐረፈ» ይባላል። ንግግር እንኳ የራሱ ማረፊያ አለው፤ ሐሳቡ ሞልቶ የሚቆምበት ስፍራ ዐረፍተ ነገር ተብሏል። እንግዲህ በቋንቋው ልማድ መሠረት ዕረፍት ሥራ መፍታት ማለት አይደለም፤ አንድ ነገር ሊደርስበት ከሚገባው ስፍራ ደርሶ ረግቶ መቀመጡ ነው። ሥራ ፈትቶ የማያርፍ ሰው አለ፤ እጁ እየሠራ ልቡ ያረፈም አለ።

ይህ ልዩነት ተራ በሚመስል ጉዳይ ላይ ጎልቶ ይታያል። በብርዱ ወራት ቅዳሜንና እሑድን ከከተማ ወጣ ብሎ ለማሳለፍ ያሰበ ሰው የትኛውን ማረፊያ ሊመርጥ ይገባዋል? ምርጫው በኪስና በምቾት የሚያልቅ ነውን? ወይስ ሰው ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚነካ የሥነ ምግባር ጥያቄ በውስጡ ተሸሽጓል?

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ለብሶ የሚታይባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። መንገዱ ደረቅ ነው፤ አዝመራው ታጭዶ እየተከመረ ወይም በአውድማ ላይ ነው። የከተማው ሰው ወደ ገጠር ብቅ የሚልበት ወቅትም ይኸው ነው። የሚፈልገው በአንድ ቃል ቢጠቀለል ሙቀት ነው፤ የሞቀ ክፍል፣ የሞቀ ምግብ፣ የሞቀ አቀባበል።

ይህን ሙቀት የሚሰጡት ማረፊያዎች በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ወገን በፍል ውኃ አጠገብ የተሠራው ነው። አምቦ፣ ወሊሶና ወንዶ ገነት በዚህ ይታወቃሉ። ወንዶ ገነት የንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ የነበረበት ስፍራ ነው፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን እንደነዚህ ያሉ ስፍራዎች ለሕዝብ ክፍት ወደሆኑ የመንግሥት ሆቴሎች ተለውጠው ነበር። ሁለተኛው ወገን በቅርብ ዘመን በተራሮች ራስና በሐይቆች ዳር የበቀሉት ሎጆች ናቸው። በባሌም በሰሜን ተራሮችም እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ከተጀመረው «ገበታ ለሀገር» ሥራ አንዱ ክፍል የሆነው ወንጪም በዚህ ተርታ ይቆጠራል። በእነዚህ ቤቶች ለእንግዳው የሚቀርብለት ዋናው ነገር በየክፍሉ ያለው የእሳት ምድጃ ነው።

ሦስተኛው ወገን ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ነው፤ ለዚህ የመንዝ ጓሳ ምሳሌ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው ይህ የጓሳ ሣር ምድር፣ ነዋሪው ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በጋራ ደንብ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨደው ማኅበረሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ነበር። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ የቆዩት በዚህ ጥበቃ ነው። የእንግዳ ማረፊያውም ቤት ቀላል ነው፤ መጪው ስንቁን ይዞ ይመጣል፣ በጋራው ክፍል እሳት ዳር ይቀመጣል፣ የሚከፍለውም ገንዘብ ለማኅበረሰቡ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ግን የእንግዳውን እግር አሳጥሯል፤ የነዋሪውንም እንቅልፍ ነሥቷል። ባለቤቱ ሳያርፍ እንግዳው ማረፍ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

መንገደኛው ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃውና ስለ መብራቱ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ሙቀት በራሱ አይፈጠርም። በምድጃው የሚነደውን ባሕር ዛፍ የቆረጠ አለ፤ የተሸከመም አለ። በእንጦጦ ቁልቁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው የሚያወርዱት የእንጨት ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም እንደሚበልጥ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያውቀዋል፤ በየቀኑ ያየዋልና። ነጩን አንሶላ ጠዋት በቀዘቀዘ ውኃ ያጠበ እጅ አለ። ቁርሱ በአንድ ሰዓት እንዲደርስ ሌሊት የተነሣ አብሳይ አለ። ምቾት እየረቀቀ በሄደ ቁጥር ይህ ሁሉ ሥራ ከዐይን እየራቀ ይሄዳል። የዘመናዊ ሆቴል ጥበብ አንዱ ክፍል ሠራተኛው የሠራው እንዲታይ፣ ሠራተኛው ራሱ ግን እንዳይታይ ማድረግ ነው።

አንድ መምህርና ባለቤቱ በታኅሣሥ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ማታ ከእንዲህ ያለ ቤት ገብተዋል እንበል። ለዚህች ሌሊት ወራት ቆጥበዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ማገዶ ታቅፎ ይገባል። የለበሰው ስስ የደንብ ልብስ ነው። ተንበርክኮ ጭራሮውን ያስተካክላል፣ እፍ ይላል፣ እሳቱ ይያያዛል። መምህሩ እግሩን ወደ ምድጃው ዘርግቶ «ተባረክ» ይለዋል። ሚስቱ ግን ትጠይቀዋለች፦

«አንተስ የት ነው የምታድረው?»

«ከማገዶ ቤቱ ጎን ነው፣ እትዬ።»

«እዚያስ እሳት አለ?»

ወጣቱ ፈገግ ብሎ «እኔማ ስሮጥ ነው የምሞቀው» ይልና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ይወጣል።

ክፍሉ ሞቋል። ሴትዮዋ ግን አላረፈችም። መምህሩ ይህን ሲያይ ቅር ይለዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሰው ልጅ ድካም ሲያስተምር መሰንበቱን፣ ለሁለት ቀን እንኳ ይህን ሁሉ ከትከሻው ማውረድ መብቱ መሆኑን ይነግራታል። ነገሩ ቸል የሚባል አይደለም። ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው በቅዳሜ ማታ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሊሆን አይገባውም፤ ኅሊናም እንደ ጡንቻ ይደክማል። የሴትዮዋ ጥያቄ ግን ከቁጥጥር የመጣ አልነበረም። በቤቷ እሳቱን የምታነድደው እርሷ ናት። የወጣቱን መንበርከክ ስታይ የራሷን ጉልበት አየች።

የችግሩ ሥር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ በነበረው ልማድ መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ ከውስጥ የሚመለስለት «ቤት ለእንግዳ!» የሚል ነበር። የመሸበት ሰው የእግዜር እንግዳ ነውና እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይለቀቅለታል፣ ከእሳቱ ዳር ይቀመጣል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ብሂልም የተነገረው ለዚህ ነው፤ ከቀረበው ምግብ ይልቅ የአቅራቢው ፊት ይበልጣል። ብዙዎች ይህን እያነሡ ሆቴል የሚባለው ነገር እንግድነትን በገንዘብ እንደለወጠው፣ የጥንቱ ሙቀትም በዚያው እንደቀረ ያዝናሉ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል በአዲስ አበባ ሲከፈት እንጀራ በገንዘብ መብላት እንደ ነውር በመታየቱ ደንበኛ ጠፍቶ እንደነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው በመሄድ እንዳስለመዱ የሚተረከው ይህንኑ ስሜት ያሳያል።

ሆኖም የጥንቱ እንግድነት ሲመረመር ሌላም ገጽ አለው። የእንግዳውን እግር ያጠበው ማን ነበር? በድንገት ለመጣው እንግዳ በእኩለ ሌሊት ምጣድ ያሰማው ማን ነበር? «ቤት ለእንግዳ» ያለው አባወራው ነው፤ ቤቱን ለእንግዳ ያደረጉት ግን ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ገረድ፣ በባለጸጋውም ቤት ባሪያ ነበሩ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። የደግነቱ ምስጋና ለአንዱ፣ የደግነቱ ድካም ለሌላው ሲሆን መኖሩ እውነት ነው። በዚህ ረገድ ሆቴል ወደ ኋላ የተወሰደ እርምጃ አይደለም። ቀድሞ በፍቅር ወይም በግዴታ ስም ያለ ዋጋ ይጠየቅ የነበረው ሥራ ሰዓት፣ ደመወዝና ውል ያለው ሥራ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። ያቺ ሚስት በዚያች ቅዳሜ ማታ ከምድጃዋ ተለይታ ለመቀመጥ የቻለችው ሆቴል በመኖሩ ነው። ስንቅ ተይዞ በሚኬድበት ቤት እንኳ ስንቁን ያሰናዳው ማን እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም፤ አለበለዚያ የቤተሰቡ ዕረፍት በአንዷ ትከሻ ላይ የቆመ ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄው አገልግሎት ማግኘት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም። ጥያቄው የአንዱ ዕረፍት የሌላውን ዕረፍት ይበላል ወይ የሚል ነው።

ለዚህ መልስ የሚሆን አሮጌ ጥበብ በሰንበት ሕግ ውስጥ ይገኛል። በኦሪት የተደነገገው ዕረፍት ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም፤ አገልጋዩ፣ ገረዲቱ፣ መጻተኛው፣ በሬውና አህያው ሳይቀሩ እንዲያርፉ ያዝዛል። ጌታው ቁጭ ብሎ አገልጋዩ የሚሮጥበት ቀን ሰንበት ሊባል አይችልም ማለት ነው። በኢትዮጵያም የሰንበት ጉዳይ እንደ ዋዛ የታየበት ጊዜ አልነበረም። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ ተሰደዋል፤ በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ እስኪወስን ድረስ ክርክሩ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወስዷል። ዛሬ «የሳምንት መጨረሻ» እየተባለ እንደ ተራ ነገር የሚጠራው የሁለት ቀን ዕረፍት በዚህች አገር ሰዎች የተሰደዱለት ጉዳይ ነበር።

በሌላውም ዓለም ዕረፍት በስጦታ አልተገኘም። በፈረንሳይ ሠራተኞች በ1936 እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎችን ይዘው ባደረጉት ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በዓመት የሁለት ሳምንት ፈቃድ ከነደመወዙ አስከበሩ፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ብዙ ሠራተኛ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ደረሰ። በክራይሚያ የነበረው የሊቫዲያ የንጉሥ ቤተ መንግሥት በ1925 እ.ኤ.አ. የገበሬዎች ማገገሚያ ሆነ። የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 24ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና የመዝናኛ ጊዜን የማንኛውም ሰው መብት አደረገ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ42ኛው አንቀጽ ይህንኑ ለሠራተኛው ያረጋግጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በሳምንትም ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቆራረጠ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። ሥራቸው በእሑድ ሊቋረጥ በማይችል ድርጅቶች ዕረፍቱ በሌላ ቀን ይተካል። እንግዲህ ማገዶ ያመጣው ወጣት እሑድን ቢሠራ፣ ሰኞን ወይም ማክሰኞን የማረፍ መብት አለው። የእርሱ ሰኞ የመምህሩ ቅዳሜ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም።

ብዙ እንግዶች ይህን ሁሉ በጉርሻ የሚዘጉት ይመስላቸዋል። ቃሉ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። አማርኛ የምግቡንም ጉርሻ፣ ለአስተናጋጅ የሚተውንም ገንዘብ በአንድ ስም ይጠራል። በገበታ ዙሪያ ያለው ጉርሻ ግን ደርሶ መልስ ነው፤ ያጎረሰ ይጎርሳል፣ ሁለቱም ተቀምጠዋል፣ እጅ ለእጅ ይተያያሉ። የሆቴሉ ጉርሻ ከተቀመጠው ወደ ቆመው ብቻ ይሄዳል፤ አይመለስም። የመጀመሪያው እኩልነትን ያጸናል፤ ሁለተኛው ካልተጠነቀቁለት የእኩልነትን መጉደል በሳንቲም ይሸፍናል። ጉርሻ መስጠት ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ደመወዝ ሲተካ ግን ክፉ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ባወጣው ስምምነት ጉርሻ ኖረም አልኖረ ሠራተኛው መሠረታዊ ክፍያውን በየጊዜው ማግኘት እንዳለበት የደነገገው ስለዚህ ነው። በአገር ውስጥም ብዙ ሆቴሎች በሒሳቡ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይደምራሉ። እንግዳው ይህን ሲከፍል ለአገልጋዩ የከፈለ ይመስለዋል፤ ገንዘቡ ከማን እጅ እንደሚደርስ መጠየቅ ከመብቱም ከግዴታውም ይቆጠራል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ እንግዳው ይህን ሁሉ አስቦ ከቤቱ ቢቀር የሚጎዳው ያው ሠራተኛ ነው የሚል ነው። ትክክል ነው። ሆቴሉ ባዶ ሲሆን ቀድሞ የሚሰናበተው ማገዶ አቅራቢው ነው። ስለዚህ መፍትሔው መቅረት አይደለም፤ መርጦ መሄድ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ እንግዳ በሁለት ቀን ቆይታ የአንድን ድርጅት አሠራር ሊለውጥ አይችልም የሚል ነው። ይህም ከፊል እውነት አለው። የሠራተኛው መብት በእንግዳ ቸርነት ላይ ሊመሠረት አይገባውም፤ የሠራተኛ ማኅበርና የሕግ አስፈጻሚ ሥራ ነው። ነገር ግን ሆቴል ከእንግዳው አፍ የሚወጣውን ቃል የሚያዳምጥ ድርጅት ነው። ውኃው ቀዘቀዘ ሲባል ማሞቂያ የሚገዛው ሠራተኛው በረደው ሲባልም ጆሮ አለው፤ እስከ ዛሬ ያልሰማው የነገረው ባለመኖሩ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሦስቱ ማረፊያዎች ሲመለሱ አንዳቸውም በተፈጥሮው ንጹሕ፣ አንዳቸውም በተፈጥሮው በደለኛ ሆኖ አይገኝም። ፍል ውኃ አንዳጅ አያሻውም፤ ምድር ራሷ ታሞቀዋለች፤ ነገር ግን ፎጣውን የሚያጥብ ሰው አለው። የማኅበረሰብ ቤት ገቢውን ለነዋሪው ያደርሳል፤ ነገር ግን ከነዋሪው መካከል ማን እንደሚያበስልና ማን እንደሚቆጥር ይለያያል። ትልቁ ሎጅ ሀብታም ስለሆነ ብቻ አይወገዝም፤ ደንቡን አክብሮ ለሠራተኛው የሞቀ መኝታ ከሰጠ ከብዙ ትንንሽ ቤቶች ሊሻል ይችላል። የሚለካው በአንድ መለኪያ ነው፦ የሞቀ ቤት ማለት እሳቱን የሚያነድደውም የሚሞቅበት ቤት ነው።

ይህን ለማወቅ ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። ክፍል ለመያዝ ስልክ የሚደውል ሰው ስለ ቁርስ ሲጠይቅ፣ ሠራተኞቹ የት እንደሚያድሩና ተራ ዕረፍታቸው መቼ እንደሆነ ቢጨምር የሚያጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው። ማገዶው ከተከለው ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ከተጠበቀው ደን? የአካባቢው ሰው በቤቱ ውስጥ ያለው በምን ሥራ ላይ ነው? የጠያቂው ድምፅ የክስ ድምፅ እስካልሆነ ድረስ መልካም ቤት በደስታ ይመልሳል፤ የሚያፍር ቤትም ማፈሩ ራሱ መልስ ነው። ከደረሰም በኋላ እንግዳው የራሱ ድርሻ አለው። ሳይመሽ መድረስ፣ እሳት በጊዜ ማዘዝ፣ ያገለገለውን ሰው በስሙ መጥራት፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ አይጠይቁም።

የመምህሩ ሚስት በዚያች ሌሊት በሩን ከፍታ ወጣቱን «ና፣ ትንሽ ሙቅ» ልትለው ትችላለች። መልካም ታደርጋለች። በማግሥቱ ደግሞ ሒሳብ ሲከፈል ባልየው ለሆቴሉ ኀላፊ የማገዶ ቤቱ ጎን እሳት እንደሚያስፈልገው ቢነግር ሥራዋን ይፈጽምላታል። ደግነት ውልን አይተካም፤ ውልም ደግነትን አያስቀርም። የመጀመሪያው ብቻ ሲሆን ወጣቱ ለአንድ ሌሊት ይሞቃል፤ ሁለተኛው ብቻ ሲሆን ሞቆም እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን «ቤት ለእንግዳ» የሚለው የጥንቱ ቃል ሳይጎድል፣ ከውስጥ ሆነው እሳቱን ለሚጠብቁትም ጭምር የተነገረ ይሆናል። መምህሩም እሑድ ማታ ወደ ከተማው ሲመለስ፣ ሰኞ ጠዋት በተማሪዎቹ ፊት የሚቆመው በእውነት ያረፈ ሰው ሆኖ ነው።